በሁዳዴ የታረዱት ፍየሎች

ከበሮ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ማለዳ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎት የሰነበተውን የፍየል ቆዳ አውጥቶ አጥሩ ላይ አሰጣው። የልጅ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ቤት ሮጡ። እኔ ግን ወንበሬን ወደ አጥሩ አስጠጋሁ። ሽታው ደስ ይላል አልልም፤ እርጥብ ቆዳ እርጥብ ቆዳ ነው፣ ይከረፋል። ሆኖም ያ ክርፋት ለእኔ የትምህርት ሽታ ነው። የዛሬ ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ ደብተርና መጽሐፍ ይገዛላቸዋል፣ የአዲስ ወረቀት ጠረን ይሸታቸዋል። እኛ መጽሐፋችንን የምንገፈው ከፍየል ላይ ነበር። ሽታው እንደ ደረሰኝ ትዝ ያሉኝ ታዲያ አባቴም የኔታም አይደሉም፤ የደብረ ታቦሩ ቆዳ ነጋዴ አያ ይማም ናቸው።

አያ ይማም ጠይም፣ ረዥም፣ አንድ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ። ትከሻቸውን ያዘነበለው ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት ቆዳ ነው ይባላል። እጃቸው ከጨው ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሲጨብጡህ ይቧጥጥሃል። በገበያ ቀን ከገበያው ዳር፣ ሰው ሽታውን ሸሽቶ በለቀቀላቸው ቦታ፣ ቆዳቸውን በሁለት ክምር ለይተው ይቀመጣሉ። በስተቀኛቸው ያለው የክርስቲያን እርድ፣ በስተግራቸው ያለው የእስላም እርድ ነው። ለጫማና ለአልጋ ጠፍር የሚገዛ ከየትኛውም ይወስዳል። ለብራና የሚገዛ ቄስ ወይም ደብተራ ከመጣ ግን ገና ሳይጠይቃቸው ወደ ቀኙ ክምር ይመሩታል። የክርስቲያን መጽሐፍ በእስላም እርድ ቆዳ አይጻፍም ነበራ። ከደረቀ በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሰው የሚገዛው ቆዳውን ብቻ ሳይሆን ቃላቸውንም ጭምር ነበር።

ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን እኔ ዳዊት ደግሜ የጨረስሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ቤታችን ከጋፋት ዝቅ ብሎ ነው። የሰፈራችንን ጎረምሳ ለመንገድ ሥራ እየለቀሙ መውሰድ ጀምረው ስለነበር አባቴ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ከትንሣኤ ማግስት ወደ ጋይንት ከሚሻገሩት ተማሪዎች ጋር ዜማ ልማር እንድሄድ። ነገር ግን የድጓ መምህሩ፣ ገና ያላየኋቸው የኔታ፣ ሕግ ነበራቸው። ተማሪ ለጾመ ድጓ፣ ማለት ለዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ የሚበቃ የተፋቀ ብራና ካልያዘ አይቀበሉትም፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የመጣውንም ይመልሱታል። ብራና ይዞ የመጣ እየተማረ ራሱ ይጽፋል። ተጽፎ ያለቀ መጽሐፍ ልግዛ ያለ ደግሞ በሬውን መሸጥ አለበት፣ እኛም ያለን ጥማድ አንድ ነው።

አባቴ ለዚህ አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በየበዓሉ የሚታረደውን ፍየል ቆዳ ሳይሸጥ ቆጥ ላይ ሲያከማች ኖሯል። እናቴም ቀለሙን ከክረምት ጀምራ፣ የምጣድ ጥላሸትና ያረረ ገብስ ወቅጣ፣ ማሰሮ ውስጥ አብላልታዋለች። የቀረኝ ደበሎ መደረብ፣ አኮፋዳ ማንጠልጠልና ለውሻ የሚሆን ዱላ መቁረጥ ብቻ መሰለኝ። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆዳውን ልንዘፈዝፍ ብናወርደው ከመካከል ያለውን አይጥ ወንፊት አድርጎታል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። አምስት ቆዳ ጎደለን። በሁዳዴ ደግሞ ከክርስቲያን ቤት ቆዳ ከየት ይመጣል? የሚያርድ የለም። የትንሣኤው ፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ እስኪያልቅ ደግሞ ጓደኞቼ የጉናን ተራራ ተሻግረው ይርቃሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔም የመንገድ ድንጋይ ስፈልጥ ታየኝ።

አባቴ ይዞኝ አያ ይማም ዘንድ ሄደ። አብረው ያደጉ ሰዎች ናቸው። የቀኙ ክምር ባዶ ነበር፤ የግራው ግን እስከ ወገባችን ይደርሳል። አባቴ ግራውን ክምር ትኩር ብሎ አየ። አያ ይማም ምን እንዳሰበ ገባቸው።

«አይሆንም ካሳ» አሉት።

«እኔ ምን አልሁህ?»

«ዓይንህ ብሏል። ቆዳ አይናገርም፣ ልክ ነህ። እኔ ግን አውቃለሁ። ይኼ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሊጸልይበት ነው፤ እኔ እያወቅሁ አልሰጥህም።»

ከጣልያን ሱቅ ወረቀት ገዝተን እንድንሞክር ሐሳብ አቀረቡ። አባቴ «የጣልያን ወረቀት ለድጓ!» ብሎ ምራቁን እንትፍ አለ። እኔ ቆሜ የምጠብቀው የሕይወቴን ፍርድ ነበር።

በመጨረሻ አያ ይማም መላ አገኙ። «ፍየሎቹ የእኔ ይሁኑ፤ ከእብናት ያመጣኋቸው አሉ። ቢላዋው ያንተ ይሁን፤ ባርከህ እረድ። ቆዳው ያን ጊዜ የክርስቲያን እርድ ነው።»

«ሥጋውስ? እኛ ጾም ነን። እናንተ ደግሞ የእኔን እርድ አትበሉም። ለጅብ ልንጥለው ነው?»

«ምሽጉ ያሉት ነጮች ይበሉታል።»

«እነሱም ክርስቲያን ነን ይላሉ እኮ። አይጾሙም?»

«እኔ እንጃ። ቆዳ ልገዛ ስገባ ሲበሉ ነው የማገኛቸው» አሉ አያ ይማም። አባቴ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሳቀ።

በማግስቱ ማለዳ አያ ይማም ጓሮ ገባን። አባቴ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ፣ በስመ አብ ብሎ፣ አምስቱን ፍየሎች አረዳቸው። እኔ እግር ያዝሁ። አያ ይማም እስኪያልቅ ድረስ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆሙ፤ የሌላ ሰው ጸሎት መሃል እንደማይገባ ሰው። በጾም የትኩስ ሥጋ ሽታ ሲመጣ ሆዴ እንደ ጮኸ አልደብቅም። ገፈን እንደ ጨረስን አያ ይማም ሥጋውን በአህያ ጭነው ወደ ምሽጉ ነዱ፤ የፍየሎቹንም ዋጋ ከዚያው አገኙ። እኛ ቆዳችንን ጠቅልለን ወደ ቤት ተመለስን። አባቴ ለድካማቸው አንድ ቁና አተር ቢያመጣላቸው፣ ልጁ ሲመለስ ይመርቀኛል ብለው መለሱት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ነው። ዘፈዘፍን፣ ጠጉሩን ላጨን፣ በእንጨት ላይ ወጥረን ፀሐይ እየመታው በስል ብረት ፋቅን። ጣቶቼ ቆሰሉ። ቆዳው እየነጣ፣ እየሳሳ፣ ጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ መጮህ ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ነገሩ ግን በአህያዋ ወጣ። ሰዎች አያ ይማም ሥጋ ጭነው ምሽግ ሲገቡ አይተዋል። ይማም የእኛን ጾም ጠብቆ ጠላትን ሥጋ ይቀልባል ተባለ። አርበኞቹ ጉና ሥር ነበሩና ወሬው እነሱ ዘንድ ደረሰ፤ ለይማም ቆዳ የሸጠ ከባንዳ ይቆጠራል የሚል ቃል መጣ። በሆሣዕና ሳምንት ገበያ ሁለቱም ክምሮች አልነበሩም። አያ ይማም ባዶ ቦታቸው ላይ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ተቀምጠው ነበር። ሰላም የሚላቸው ጠፋ። ሕፃናት ከሩቅ ባንዳ እያሉ ይጮሁባቸዋል። የቆዳ ነጋዴ ቆዳ ካልሸጡለት በምን ይኖራል? አምስት ልጆች ነበሯቸው።

አባቴ ከገበያው መሃል ተነሥቶ ሊናገር ሲል አያ ይማም ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ሳቡት። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።

«አንተ ካሳ፣ አብደሃል?»

«ያረድሁት እኔ ነኝ! ስድቡ የእኔ ነው!»

«ዛሬ ብትናገር ብራናውን በጾም የታረደ፣ ጠላት የተቀለበበት ብለው ያነውሩበታል። ጓደኞቹም አያስጠጉት። ልጁ የት ይገባል? መንገድ ሥራ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁ ጉናን ይሻገር፤ ከዚያ የፈለግኸውን ተናገር።»

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በትንሣኤ ማግስት ብራናዬን በደበሎ ጠቅልዬ፣ በሶዬን ይዤ ከጓደኞቼ ጋር ወጣሁ። በአያ ይማም ደጅ ስናልፍ ልስማቸው ብዬ ዘወር አልሁ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ በእጃቸው ሂድ ሂድ አሉኝ። እኔም ሄድሁ። ጉናን የተሻገርሁት እሳቸው በሰው ፊት እንደ ተዋረዱ ነው፤ ይህ አሁንም ያመኛል።

የኔታ ብራናዬን ቆጥረው፣ ዳብሰው፣ «የፍየል ነው፤ ግባ» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአገራችን የመጣ ተማሪ ወሬ አደረሰኝ። አባቴ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሕዝቡ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ፣ በደጀ ሰላም ቆሞ ሁሉንም ተናግሯል። የንስሐ አባቱ ከጰራቅሊጦስ እስከ ፍልሰታ ጥሉላት እንዳይቀምስ ቀኖና ሰጡት። ሽማግሌዎቹ ግን በመጪው ገበያ ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቆዳ ይዘው፣ አያ ይማም ዘንድ ሄዱ። እሳቸውም ቀኙንና ግራውን እንደ ዱሮው ለይተው ተቀበሏቸው አሉ።

ጽሕፈቴን የጨረስሁት ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን አያ ይማም ቆዳ ሊሸምቱ እብናት ወርደው ወባ እንደ ገደላቸው ሰማሁ። ሲመለስ ይመርቀኛል ያሉትን ሳላደርስላቸው ቀረሁ። ጫካ ገብቼ አለቀስሁ።

በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያጻፉትን ሰዎች ስም ጽፎ፣ አንባቢው ያስባቸው ዘንድ መለመን ወግ ነው። የአባቴንና የእናቴን የክርስትና ስም ጻፍሁና ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። የኔታ ምን ያዘህ ቢሉኝ ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ብራናውን ጣለው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

የኔታ ብራናውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ፣ «አርዶ ያልበላ ሰው ጾሙን አልሻረም» አሉ። «በእኛ ጾም የተሰደበውን ሰው ደግሞ እኛ ካላሰብነው ማን ያስበዋል? ጻፈው።»

«የክርስትና ስም የላቸውም፣ የኔታ።»

«ባለው ስም ጻፈው።»

በቀይ ቀለም ጻፍሁት። መጽሐፉን አሁን ለደብራችን ሰጥቼዋለሁ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ወጣቶቹ ተቀባብለው ያዜሙበታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱም አዲስ የመጣ ተማሪ አይጠፋምና፣ «መሪጌታ፣ ይኼ ይማም የየትኛው ደብር አገልጋይ ነበሩ?» ይለኛል። የደብረ ታቦር ቆዳ ነጋዴ እንደ ነበሩ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱም ይስቃል፤ ስማቸውን ሳይጠራ ያለፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።