ክረምቱ ሳይወጣ አይነገራቸው

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የጓሮውን ቦይ መጥረግ ነበር። ነሐሴ እያለቀ ነው፤ አቃቂ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፤ ሌሊቱን የዘነበው ውሃ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይቆፍራል፤ እኔ ጭቃውን በባልዲ እያወጣሁ አጥሩ ሥር እደፋለሁ።

"ወደ ጎረቤት እንዳትለቂው" አለኝ። "ኋላ ሴትዮዋ ጀልባ ይዛ ትመጣብናለች።"

"አንተ ቆፍር። ወሬህ ከአካፋህ ይበልጣል።"

ሳቀ። እጁን ታጥቦ ሻይ ጠጣ። በማግስቱ ከሚሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ ደወሉልኝ። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሳለ ወድቋል፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

በዝናብ ቀበርነው። የእድሩ ድንኳን ሳይነሣ ታላቅ ወንድሙ ዘመዶቹን ሰብስቦ ስለ እናታቸው አማከረ። አማቴ የሚኖሩት ወሎ፣ ገጠር ነው፤ ደም ብዛት አለባቸው። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ደጃቸው ደርሶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳቸው። መንደራቸው ለመግባት የሚሻገሩት ወንዝ ግን ሞልቷል።

"ክረምቱ ሳይወጣ አይነገራቸው" አለ ወንድሙ። እዚያ ያሉትም ዘመዶች አፋቸውን እንዲይዙ ተላከባቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም እሺ እል ነበር። ብቻቸውን ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑስ?

ስልኩን የማነሣው ግን እኔ ነኝ። አማቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውላሉ። የእሱ ስልክ ዝግ ሲሆንባቸው ወደ እኔ።

"ልጄ የት ሄደ?"

"ሥራ ገብቷል፣ እማዬ።"

"በሰንበት?"

"ተረኛ ነው።"

"ጉድ እኮ ነው! እርሻ ውጣ ሲሉት ሆዴን ቆረጠኝ የሚል ልጅ! አሁን ፋብሪካው ያለ እሱ አይዞርም በይኛ!"

ጥቁር ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁላቸው። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይሞትብኛል። ትንሿ ልጄ "አያቴ ብትጠይቀኝስ ምን ልበል?" አለችኝ። "ሥራ ሄዷል በዪ" አልኳት። አባቷን አፈር ሲያለብሱት ያየች ልጅ ናት።

ጳጉሜ ገባ። በሩፋኤል ቀን የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ሲጠመቁ የእኔዎቹ በመስኮት አዩ። ከዚያ መስከረም ጠባ፤ ዝናቡ ቀነሰ፤ የግድግዳው እርጥበት መድረቅ ጀመረ። ለወንድሙ ደወልኩ።

"ወንዙ ጎድሏል አሉ። እንሂድ።"

"በአዲስ ዓመት መርዶ? ትንሽ ይቆይ፤ መስቀልን ይዋሉበት።"

መስቀል አለፈ። "እህሉን ይሰብስቡ" አለ። ያኔ ገባኝ፤ የፈራው ወንዙን አልነበረም። እናቱ ፊት ቆሞ ያንን ቃል የሚያወጣበት አፍ አጥቷል።

በሚቀጥለው እሑድ አማቴ ሲደውሉ ውሸቴን አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ ወይ አሉ። ቤቱ ዘንድሮ አፈሰሰ ወይ አሉ። ልጃቸውን ግን አልጠየቁም።

"እማዬ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። አንቺ ትበያለሽ? ብዪ እሺ፣ ልጄ። እነዚያ ሕፃናት ከአንቺ ሌላ ማን አላቸው።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አውቀዋል። ማንም ደጃቸው ሳይደርስ፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ብቻቸውን ደርሰውበታል። በዚህ ዓለም ከእኔ እኩል የሚያለቅሱለት እሳቸው ብቻ ናቸው። አዎ ሞቷል፣ ልምጣና አብረን እናልቅስ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እበላለሁ፣ እማዬ" የሚል ነው።

ለወንድሙ ነገርኩት። "ካወቁማ እንግዲህ..." ብሎ ቀረ። እስካሁን አልሄደም፤ እኔንም ብቻሽን መሄድ ደግ አይደለም ይለኛል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ለአማቴ እደውላለሁ። ስለ እህሉ ይነግሩኛል፤ ስለ ልጆቹ እነግራቸዋለሁ። የእሱን ስም ሁለታችንም አናነሣም።