ለክፉዋ እንጀራ እናት የምትስቀው ጎረቤቴ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚህ የመን፣ ዓደን ከተማ፣ «በሳቲን» በሚባለው ሰፈር ነው። ልጄ አልሀምዱሊላህ ድና እየሮጠች ነው። እኔ ግን አልረሳሁትም። ያን ቀን አንዲት ምንም ያላደረገችኝን ሴት በሰው መሀል ሌባ ብያታለሁ። ያስባለኝም ፊልም ነው ብል ማን ያምነኛል?

ባሌ ወደ ሳዑዲ ተሻግሮ እኔ ከሁለት ዓመት ልጄ ከሰሚራ ጋር እዚህ ቀረሁ። የምኖርበት ግቢ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የዘይነብ፣ አንዱ የጦይባ። ሦስታችንም የወሎ ልጆች ነን። ጦይባ ጠዋት ቢሮ አጽድታ በዙህር፣ በቀትሩ ሶላት፣ ትመለሳለች። የዘይነብ ሥራ በጥሪ ነው፤ አሰሪዋ ድግስ ወይም እንግዳ ሲኖርባት ብቻ ነይ ትላታለች።

ጁምዓ ከሰዓት መብራት ካለ ጦይባ ክፍል ተሰብስበን ሙሰልሰል እናያለን፤ ተከታታይ ድራማውን እዚህ እንደዚያ ነው የምንለው። የእኔ ዓረብኛ ያኔ እሺ ለማለት ከ«ጠይብ»፣ ታዛዥ ነኝ ለማለት ከ«ሃዲር» አያልፍም ነበር። ስለዚህ የምትተረጉምልን ጦይባ ናት።

ድራማው የአንዲት ክፉ እንጀራ እናት ታሪክ ነው። የባሏን ልጅ ታስርባለች፣ ትደበድባለች፣ በኋላማ ጠቅልላ ወስዳ ለማታውቀው ሰው ሰጠቻት። ዘይነብ ገና ልጅቷን ስታይ እንባዋ ይወርዳል። ጦይባ ደግሞ ትስቃለች። የክፉዋን ንግግር ስትተረጉም ድምጿን አወፍራ፣ ጣቷን ቀስራ፣ ልክ እንደሷ ሆና ነው። ሴትዮዋ ሰው ስታዋርድ «በርቺ የኔ አንበሳ» ትላታለች።

«ጦይባ፣ ኧረ አላህን ፍሪ» ትላለች ዘይነብ።

«እቴ፣ እሷ ባትኖር ገና ድሮ እንቅልፍ ይወስዳችሁ ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም። በሆዴ «ሰው የሚወደው የልቡን ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጦይባ ሰሚራን ስታቅፍ ዓይኔ ከእጇ አይነሳም።

ማዓላ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ሥራ ሳገኝ ልጄን የምተዋት ለማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለሌላ ሰው ልጅ በፊልም የምታለቅስ ሴት የእኔንማ እንዴት ትይዝልኝ ይሆን ብዬ ለዘይነብ ሰጠኋት። ጦይባ «በዙህር እገባ የለ፣ እኔም እይዝልሻለሁ» ስትለኝ «አይ፣ አትቸገሪ» አልኳት። ዘይነብን ደግሞ ለብቻዋ ጠርቼ «ለጦይባ እንዳትሰጫት፣ አደራ» አልኳት። ብልጥ ሆኜ ልሞት።

ያን ቀን ከሥራ የተመለስኩት በዓስር፣ በከሰዓቱ ሶላት ነው። ማዳሜ ሥራ ላይ ስልክ አትወድም፤ በር ላይ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች። ስትመልስልኝ ባትሪው ሞቷል። ግቢ ስገባ ጭር ብሏል። የዘይነብ በር ተቆልፏል። የጦይባ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ፈሷል፣ ሰው የለም። ሰሚራን እየተጣራሁ ወደ ጎረቤት ሮጥኩ።

ጎረቤታችን ኻላ ፋጡማ የሚባሉ ሶማሌ አሮጊት ናቸው። በእጅም በዓረብኛም ብለው አስረዱኝ። ዘይነብን አሰሪዋ ስለጠራቻት ልጅቷን ለጦይባ ሰጥታ ሄዳለች። ጦይባ ደግሞ ልጅቷን በጥቁር ልብስ ጠቅልላ፣ ባልጦዋን እንኳ ሳትለብስ፣ በቤት ቀሚስ ወደ መኪና መንገዱ ስትሮጥ አይተዋታል።

ባልጦ ማለት ሴት ሁሉ ደጅ ስትወጣ ከላይ የምትደርበው ጥቁር ረጅም ልብስ ነው። እዚህ አገር ያለሱ መንገድ መውጣት፣ ቤት ካልተቃጠለ በቀር፣ የማይታሰብ ነው። እኔም ይቺ ሴት እየሸሸች ነው አልኩ። ጦይባ ሰሞኑን «ሳዑዲ ልሻገር ይሆን» እያለች ታወራ ነበር። ያቺ እንጀራ እናት ልጅቷን ጠቅልላ ስትወስድ፣ ጦይባም ስትስቅ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ፊቴ ድቅን አሉ። ወላሂ ከዚያ በኋላ አእምሮዬ አልነበረም።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚሄዱት መኪኖች የሚነሱት ሼክ ዑስማን ከሚባለው ሰፈር ስለሆነ ወደዚያው በረርኩ። መናኸሪያው እንደደረስኩ አላፈርኩም፣ ጮህኩ። «የወሎ ሰው ካለ ይድረስልኝ፣ ጦይባ የምትባል ሌባ ልጄን ሰርቃ ሄደች» አልኩ። ለመንገድ የተቀመጡ ያገሬ ልጆች ግር ብለው ተነሱ። አንዱ «መኪናዎቹን እንፈትሽ» ሲል፣ ሌላው «ብቻ እጃችን ትግባ» ይላል።

ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ መጣች። እሷም ያገር ሰው ናት።

«በቤት ቀሚስ ያለችዋን ነው የምትዪው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እሷን ነው።»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዢ። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ነው ይዛት የመጣችው። ክሊኒኩን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ያውልሽ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ።»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጦይባ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላለች። አንዷ ታማሚ ትከሻዋን እንድትሸፍንበት ሻርፕ ሰጥታታለች። ሰሚራ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ እጇ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። እግሯ ሥር የወደቀው እርጥብ ጥቁር ልብስ የጦይባ ባልጦ ነበር።

«ቀስ በይ፣ አሁን ነው የተኛችው» አለችኝ።

የልጄን ግንባር ዳሰስኩ። ቀዝቅዟል። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ከዚያ በፊት በአፌ ብቻ ነበር የምለው።

ልጅቷን ትኩሳት ጥሏት ነው። ከዙህር በኋላ ድንገት ደርቃ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ጦይባ ባልጦዋን ባልዲ ውስጥ ነክራ ጠቀለለቻትና ወጣች። ሌላ እስክትፈልግ አልጠበቀችም። ሐኪሙም ማቀዝቀዟና ቶሎ ማምጣቷ ደግ ነው ብሏል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አፍጥጦ አይቷታል።

ማታ ዘይነብ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ የታመመችብኝ እኔ፣ እሷን ሳባብል አመሸሁ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አሰሪዋ ጠርታ እምቢ ማለት አትችልም። አደራዬን ረስታ ልጅቷን ለጦይባ መስጠቷንማ ዛሬም እመርቃታለሁ።

በሌላ ቀን ጦይባን «ያቺን አረመኔ ሴትዮ ለምንድን ነው የምትወጃት?» አልኳት።

«ስሠራ የምውለው አንገቴን ደፍቼ ነው» አለችኝ። «ማንም ቢቆጣኝ ሃዲር ነው መልሴ። እሷ ስትጮህላቸው እኔ የጮህኩ ያህል ይቀለኛል። ልጅቷ እንደሆን የውሸት ናት። ቀረጻው ሲያልቅ እናቷ ወስዳ ታበላታለች።»

ይቺን ታህል ነገር ማሰብ አቅቶኝ ነበር።

አሁን ሰሚራ የምትውለው ጦይባ ጋ ነው። ሌባ ማለቴን ግን አልነገርኳትም ነበር። አልሰማችም፣ ልተወው እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ከሌላ ሰው ብትሰማስ እላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ። አንድ ጁምዓ ልብስ እያጠብን ዓይኗን ሳላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጮሄን፣ ሌባ ማለቴን፣ ሰው ማስነሳቴን።

ጦይባ የያዘችውን ልብስ ጨምቃ አሰጣችው።

«ያኔውኑ ሻይ ሻጯ ነግራኛለች» አለችኝ። «እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አርፎ እተኛለሁ።