ለነፍስ ዋስ ያስጠሩ የነበሩት ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃ አስናቀ ወልደየስ ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ እዚሁ ድሬ ዳዋ በቤታቸው ዐረፉ። ሁለት ወር ሙሉ ጉበታቸው ሲያሠቃያቸው ቆይቶ ነው። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ለቀባሪ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ያልሰማችሁ ብዙ ናችሁ። በጦር ሰፈራችን ክሊኒክ አልፋችሁ ወደየአገራችሁ የተበተናችሁ፣ እሳቸው «ልጆቼ» ይሏችሁ የነበራችሁ ሁሉ እንድታውቁት ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እኔ በካርድ ክፍል ጸሐፊነት ስምንት ዓመት አብሬአቸው ሠርቻለሁ። ነገሩ ማመስገን ብቻ ቢሆን ከእኔ የተሻለ ብዕር ያለው ሰው አይጠፋም ነበር። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው የሚገባኝን አንድ ነገር ሳልነግራቸው ሞቱብኝ። እሱን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሙያቸው ድሬሰርነት ነበር፤ ወታደሩ ግን «ሐኪም» ይላቸው ነበር። መድኃኒታችን የወባ ኪኒን፣ አስፕሪን፣ አዮዲንና ፋሻ ነው። በዚያች ዕቃ የተሰበረ ይጠግናሉ፣ የቆሰለ ያጥባሉ፣ የፈራውን ይቆጣሉ፣ ያለቀሰውን ደግሞ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ከጠረፍ ግዳጅ የተመለሰው ጦር ከገባ በኋላ ግን ፋሻ የማይበጀው ሰው ይመጣ ጀመር። ገላው ደህና ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እህል ያስጠላዋል፣ «መኖር ሰለቸኝ» ይላል። አለቆቹ «ፈሪ ነው» ይላሉ። ጓደኞቹ «ጠበል ይሂድ» ይላሉ። ሃምሳ አለቃ አስናቀ ግን ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡና ሲጋራ ይሰጡታል፤ ራሳቸው አያጨሱም ነበር፣ ለዚሁ ብለው ነው የሚይዙት።

«ካርዱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» እላቸዋለሁ።

«እንቅልፍ አጣ በል።»

«እንዴ ጋሼ! ይሄ ሰው እኮ ልሙት ነው የሚለው!»

«ልሙት አለ ብለህ ከጻፍክ እስርና ዱላ ነው የሚያዝለት። እንቅልፍ አጣ በል ብያለሁ። አንተ ደግሞ ክርክር ታበዛለህ!»

ዘዴያቸውን ከፍርድ ቤት ነው ያመጡት። ዋስ መጥራትን የማያውቅ የአገር ልጅ የለም። «እኔ አንተን የማስርበት ገመድ የለኝም» ይሉታል ወታደሩን። «ሞትህን ልከለክልህ አልችልም። እስከ ሰኞ ግን የነፍስ ዋስ ጥራልኝ።» ወታደሩ ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱም በዚያ ሁሉ ጭንቀቱ መካከል ይስቃል። ቢሆንም አንድ ጓደኛውን ይጠራል። ዋሱም ቆሞ «በንጉሥ አምላክ፣ ሰኞ በሕይወቱ አቀርበዋለሁ» ብሎ ይምላል። አብሮት ይበላል፣ አልጋውን አጠገቡ ያደርጋል፣ ሰኞ ሁለቱም ይቀርባሉ፤ ከዚያ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሰኞ። ለራሱ ነፍስ ያልሳሳ ሰው ዋሱን ለማዋረድ ያፍር ነበር። ብዙ ሰው በዚህ እፍረት ብቻ ተርፏል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

አንዱ ወታደር ግን የሚጠራው አጣ። «እኔ ማንም የለኝም» ብሎ አቀረቀረ። በር ላይ ሻይ የሚሸጡት አዴ ፋጡማ ብርጭቆ ሊሰበስቡ ገብተው ኖሮ ሰሙት።

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ ዋሱ!» አሉ።

«አዴ ፋጡማ፣ እርስዎ ወታደር አይደሉም እኮ» አልኳቸው።

«ሻዬን የሚጠጣው ማነው ታዲያ? ወታደር አይደለም? ጻፈኝ አንተ!»

ሃምሳ አለቃ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ጻፋቸው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዴ ፋጡማ በየጠዋቱ አጥሩ ሥር ቆመው ያንን ልጅ በስሙ ጠርተው ሳያዩት ወደ ሥራቸው አይሄዱም ነበር። ዛሬ ከዚራ ሰፈር የዘበኝነት ሥራ ይዞ የልጆች አባት ሆኗል። በሃምሳ አለቃ ቀብር ላይ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

ወታደር ደምሴ ግን እኔን ጠራ። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ የጎጃም ልጅ ነው። አምስት ሰኞ አቀረብኩት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ ልብሱን አጥቦ ካርድ ክፍል መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አስቸገርኩህ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከዋስትና አውርጄሃለሁ፤ በእኔ የተነሣ ማንም አይጠይቅህም» አለኝ። ፊቱ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ዳነ አልኩ! በደስታ አቀፍኩት።

ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው የአንድ ወታደር እግር በፋሻ እየጠቀለሉ ነበር።

«ደምሴ ድኗል ጋሼ። ከዋስትናው አወረደኝ።»

እጃቸው ቀጥ አለ። «መቼ ነው ያወረደህ?»

«አሁን። ገና አሁን።»

ሁለት ዙር ጠቀለሉ፣ ቋጠሩ፣ ሮጡ። እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ተከተልኳቸው። ስንደርስ ደምሴ ራሱን አጥፍቶ ነበር። ገላው እንኳ ገና አልቀዘቀዘም። ሃምሳ አለቃ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ «ጨዋ ልጅ ነበር። አንተን እንዳያስይዝህ ብሎ ነው አስቀድሞ ያወረደህ» አሉ። ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልንም።

በማግሥቱ ፍትሐት ለማስፈቀድ ወደ ደብሩ አለቃ ሄድን። ራሱን ላጠፋ አይፈታም አሉ። «አባቴ፣ አእምሮው ታሞ ነው። ካርድ አለው» አሉና ሃምሳ አለቃ ካርዱን ዘረጉላቸው። ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት። «እንቅልፍ አጣ ነው የሚለው። እንቅልፍ ማጣት እብደት ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። ሃምሳ አለቃ ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከእስር እንዲያድነው ብለው ያስጻፉት ቃል ከፍትሐት አስቀረው። ደምሴን ያለ ቄስ ቀበርነው፤ አፈሩን ያለበስነው እሳቸውና እኔ፣ ሁለት ጓደኞቹም ነን።

ከዚያ በኋላ ዋስን የሚያወርዱት ሃምሳ አለቃ ብቻ ሆኑ። «ሲያዝን የከረመ ልጅ ድንገት ቢረጋጋ፣ ዕቃውንም ቢያከፋፍል፣ ያን ቀን አትለዩት» እያሉ አዲሱን ዋስ ሁሉ ያስጠነቅቁ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለት ሌሎች በሞት አመለጡን። ሐኪም ይላክልን ብለው ለበላይ አካል ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም።

ስለ ደምሴ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ያንን ፋሻ ጥዬ መሮጥ ነበረብኝ።» እኔም «ተዉት ጋሼ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» እላለሁ። ሌላ ምንም አልልም። ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ስሄድም አንሥተውታል። ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ድምፃቸው ሰልሎ፣ «ሁለት ዙር ነው እኮ የጠቀለልኩት» አሉኝ። ትራሳቸውን አስተካክዬላቸው ወጣሁ። ሐሙስ ሞቱ።

ጋሼ አስናቀ፣ አሁን ልንገርዎ። ደምሴ ያወረደኝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። እርስዎ ጋ የመጣሁት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። አርነት ወጣሁ ብዬ ከዚራ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ኮት ስለካ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስስቅ ዋልኩ። «አሁን» ያልኩዎ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው። ከዚያ ሬሳውን አየሁ፤ ከዚያ በኋላማ በምን አንደበቴ! እርስዎ የእኔን ሰባት ሰዓት በራስዎ ላይ አድርገው፣ በሁለት ዙር ፋሻ ራስዎን ሲከሱ ኖሩ። እኔም አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ካርድ ስጽፍ ኖርኩ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። እርስዎ አልዘገዩም።