የታሸገው እርጎ ቤትና ሰባቱ ጂኖች

ሚዛን፣ ንጋት

ከመናኸሪያው ስንነሳ ዝናቡ ገና አላባራም። የዚህ አገር ዝናብ ይሉኝታ የለውም፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀመጣል። ሚኒባሱ ጣሪያው ላይ ሙዝና ጎዳሬ ጭኗል፣ ውስጡ እርጥብ ጋቢ ጋቢ ይሸታል። እኔ ጋቢና ተቀምጬ ላፕቶፔን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌያለሁ።

የምሠራው ሚዛን ውስጥ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ነው። ቴፒ የምሄደው እትዬ ዘይነባ ለሚባሉ እርጎ ሻጭ የምርመራ ውጤት ለማድረስ ነው። በቡና ለቀማው ወቅት ለቃሚዎች በተቅማጥ ሲታመሙ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። በእትዬ ዘይነባ እርጎ ውስጥም ሳልሞኔላ ተገኘ። ወዲያው ቤታቸው ታሸገ፤ ስማቸውም በገበያው ሁሉ በክፉ ተነሳ።

ሸኮ፣ ረፋድ

ለቁርስ ቆምን። ጥብስ በቆሎ፣ ፓፓያ፣ ሻይ። ሙዙ እዚህ ከሚዛንም ይረክሳል። መንገዱ ዳር የቡናው ቅጠል በዝናብ ታጥቦ ያብለጨልጫል።

«ዶክተር፣ ያቺ እርጎ ሻጭ ልትፈታ ነው እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ። ላቦራቶሪ የሚሠራ ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነው።

«የታሸገው በራቸው ነው እንጂ እሳቸው አልታሰሩም።»

«ነጋዴ በሩ ከታሸገ ታስሯል በይው። እኔማ ከዚያ ወዲህ ማኪያቶም ትቻለሁ።»

ሳቅሁበት፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ሳልሞኔላ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። የአንዱን ዓይነት ከሌላው ለመለየት በባክቴሪያው ውስጥ የዘር መረጃ ከሚይዙ ሰባት ጂኖች ጥቂት ጥቂት እናነብና ኢንተርኔት ላይ ካለ የጋራ መዝገብ ጋር እናስተያያለን። ከየአገሩ ያሉ ሰዎች ያገኙትን እዚያ ያስገባሉ፤ መዝገቡ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። የሕመምተኞቹን ናሙና አንድ ላቦራቶሪ፣ የእርጎውን ሌላ ቢመረምረውም በቁጥሩ ይግባባሉ። የምሥራች ይዣለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ከምሥራቹ በኋላ የምጠይቃቸው ነገር ነው።

ቴፒ፣ ከቀትር በኋላ

ቴፒ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል፤ በየደጃፉ ቁንዶ በርበሬ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። እትዬ ዘይነባ በጓሮ በር አስገቡኝ። የሚሞላ ወተት ባይኖርም ቅሎቻቸውን በወይራ ጭስ ያጥናሉ።

«እጄ ሥራ እንዳይረሳ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሰዎቹን ያሳመመው የእርስዎ እርጎ አይደለም። የእነሱ ባክቴሪያ ከሰፈራቸው ጉድጓድ ውሃ ከተገኘው ጋር አንድ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ዓይነት ነው። በርዎ ነገ ይከፈታል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ቅሉን አስቀምጠው አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም። እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ መሄድ እንዴት ደስ ይላል!

«ግን እርጎው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም» አልኩ። «የእርስዎን ዓይነት ሌላ አገር ያለ አንድ ላም አርቢ ከላሞቹ አስመርምሮ የየአገሩ ሰው የሚያየው መዝገብ ላይ አስገብቶታል። የእርስዎም ከላም ሳይመጣ አይቀርም። ከእንግዲህ ወተቱ መጀመሪያ ይፈላ።»

«ጭሱስ?»

«ጭሱ ብቻውን አይበቃም።»

«እናቴ በዚህ ጭስ ነው ያሳደገችኝ!» ተቆጡ። ቁጣቸው እስኪበርድ ጠብቄ የፈራሁትን ጠየቅሁ።

«መዝገቡ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። ከምን፣ ከየት ከተማ፣ መቼ እንደተገኘ ብቻ ነው። ‹እርጎ፣ ቴፒ› ብዬ ላስገባው?»

ፊታቸው ጠቆረ። ቴፒ ውስጥ እርጎ ከተባለ እሳቸው መሆናቸውን ሕፃን ያውቃል።

«ስሜ ገና ዛሬ ነጻ ወጣ። ዛሬውኑ መልሼ ላስጽፈው?»

እውነታቸውን ነው፤ አልተሟገትኩም። ላፕቶፑን ልዘጋ ስል እጄን ያዙኝ።

«ያ ላም አርቢ እንደኔ አፍሮ ቢደብቅ ኖሮ?»

«የእርስዎ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር።»

«ቤቴን ከፍቼ ያንኑ እርጎ ለሰው ልጅ አጠጣ ነበር?»

«ከላም እንደሚመጣ ሳያውቁ፣ አዎ።»

ዞረው የታሸገውን በር አዩ።

«ጻፊው» አሉኝ። «በሯ የታሸገባት ሌላ ሴትም አትጠፋም።»