ሌማቱን ማን ይሸከም

ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። እናቴ በነገረችኝ ስቆጥር ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ ከከተማችን ከሐይቅ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ተመልሷል፤ ግን ማንም የድሮው ሰው አልሆነም።

እኔ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነበርኩ። ቅሬ ለማያውቅ ሰው፣ ሬሳ የምናነሳበት፣ ሐዘንተኛ የምናጽናናበት ማኅበር ነው። እስላምም ይሁን ክርስቲያን ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት የሚያነሳው ይቸግረዋል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስም መጻፍ ያደክመኛል። የሰፈሩን ቤት በሙሉ በቃሌ እጠራለሁ፤ ለቅሶ ላልመጣ ቤት አንድ ጭረት አደርጋለሁ። በዚህ ተሳስቼ አላውቅም።

ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ ሁሉም ሕግ ያሻሽል ነበር፤ እኛም አሻሻልን። ሰው ለቅሶ መድረሱን አቅልሎት ስለነበር እኔ ተነሥቼ፣ "ከየቤቱ ወንዱ መቃብር ይውጣ። ሴቷ ሌማቷን ይዛ ሐዘን ቤት ታገልግል። ሦስቱ የለቅሶ ቀን እስኪያልቅ ሴት ያልመጣችበት ቤት እንዳልመጣ ይቆጠር። ሦስት ለቅሶ ያጎደለ ይሰረዝ" አልኩ። ሁሉም እሺ አለ። ደስም ብሎኝ ነበር።

ሕጉ መጀመሪያ የያዘው አንድ ጎረቤቴን ነው። ሚስቱ አረብ አገር ለሥራ ሄዳ ልጆቹን ብቻውን ያሳድግ ነበር። አንድ ቀን ትንሿን ልጁን አዝሎ፣ የንፍሮ ሌማት ተሸክሞ ሴቶቹ ዘንድ መጣ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ይሄ የሴት ቦታ ነው፣ ተመለስ" አልኩት። ሌማቱን እንደያዘ ጀርባውን አዙሮ ሄደ። በሦስተኛው ለቅሶ ሰረዝነው። በኋላ እናቱ ስትሞት ቅሬው አልወጣም። እኔ በግሌ ሄጄ አፈር አለበስኩ። አምስት ሰው ነበርን። አላናገረኝም።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ወደኔ ቤት መጣ። ባለቤቴ ከሞተች ቆይታለች፤ የምኖረው ከልጄና ከምራቴ ጋር ነው። ልጄ አስተማሪ ነው። ጦርነቱ የበላውን ወራት ለማካካስ ቅዳሜም ያስተምራል። ምራቴ ውጫሌ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲደርስ ትመለሳለች። ልጃቸው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ቀን ቀን የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን ተመካክረን አላደረግነውም። አንድ ጠዋት ሁለቱም ሲወጡ ልጁ እጄ ላይ ቀረ፣ በቃ።

ያን ዓመት ሞት በዝቶ ነበር። ምራቴ ሁለት ለቅሶ አጎደለች። ሁለቱንም ጭረት ራሴ አደረግኩ። ሦስተኛው የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ለቅሶ ነው። ምራቴ በመጀመሪያው ቀን አልመጣችም፤ በሁለተኛውም አልመጣችም። የሴቶቹ ሰብሳቢ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ምላሷንም አልችለውም። ልጁን ታቅፌ ሐዘን ቤቱ ደጅ ላይ ቆሜ ሳለሁ መጣችና፣

"አንተ፣ ምራትህ ነገም ካልመጣች ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ።

"ሥራ ላይ ናት።"

"ሚስቱ አረብ አገር የሄደችበት ሰውዬስ? ሚስቱ ሽርሽር ነበረች?"

ልጁን ወደ ሌላኛው ክንዴ አዛወርኩት።

"ምራትህን እወዳታለሁ። የልጄን ልጅ የተቀበለችው እሷ ናት። ሕጉ ግን የኔ አይደለም፤ ያንተ ነው" ብላኝ ገባች።

ማታ ምራቴ እንደመጣች ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ነገ ፈቃድ ጠይቂ" አልኳት።

"አባባ፣ ሁለት አዋላጅ ነበርን። አንዷ ከሸሸችበት አልተመለሰችም። እኔ ብቀር የመጣችውን ማን ይቀበላታል?"

"ድሮስ ሰው በየቤቱ አይደል የሚወልደው?"

"ስንቷስ ትሞት ነበር፣ አባባ?"

ልጄ ከጓዳ ወጥቶ፣ "ሌማቱን እኔ ልውሰደው? ተማሪዎቼን ከመፈተኔ በፊት አድርሼ እሄዳለሁ" አለ።

"አታዋርደኝ" አልኩት። ቃሉ ካፌ እንደወጣ ያ ሰው ሌማቱን ይዞ ሲመለስ ጀርባው ታየኝ።

ምራቴ ልጇን ከኔ ተቀብላ ተቀመጠችና፣ "አንቱ ሥራውን ልቀቂ ካሉኝ እለቃለሁ። ወላሂ እለቃለሁ። ብቻ ይንገሩኝ" አለችኝ።

ምን ልበላት? ልቀቂ ብላት ውጫሌ ላይ የምትሞት ሴት ካለች ደሟ በኔ ነው። አትልቀቂ ብላት ቤቴ ይሰረዛል፤ ነገ እኔን ማን ያነሳኛል? ሕጉን ላንሳው ብል ሰዉ፣ በገዛ ቤቱ ሲመጣ አነሳው ይለኛል፤ እውነቱንም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ጥፋት ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ማን እንዳጠፋ ፈልጌ አጣሁ። እሷ አላጠፋችም፣ ልጄ አላጠፋም፣ ቅሬውም አላጠፋም። "እስቲ ይንጋ" ብቻ አልኳት።

በማግስቱ ማለዳ ሱብሂን ሰግጄ ስገባ ምራቴ ንፍሮውን ቀቅላ፣ ዳቦውን ጋግራ ሌማቱን ሞልታዋለች። ልጁን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ወጣች። ልጄም ወጣ። ልጁን በፎጣዬ ላዝለው ብል ተንሸራተተብኝ፤ ደግሜ ብሞክር አለቀሰ። በአንድ ክንዴ አቅፌው፣ ሌማቱን በሌላው ብብቴ ይዤ ወጣሁ። ሐዘን ቤቱ ከደጃችን በስተቀኝ ነው። እኔ ወደ ግራ ሄድኩና የዚያን የሰረዝነውን ጎረቤቴን በር በእግሬ መታሁ።

ከፍቶ አየኝ። "ምን ነበር፣ አያ?"

"ማዘል አሳየኝ።"

ልጁን ተቀብሎ ጀርባዬ ላይ አደረገው፤ ፎጣውን በብብቴ ሥር አሳልፎ ደረቴ ላይ ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው። እጁ ፈጣን ነው።

"ሌማቱ ወዴት ነው?"

"ሴቶቹ ጋ።"

"ይመልሱሃል።"

"መላሹ እኔ አልነበርኩ? ና፣ አብረን እንሂድ።"

"እኔ የተሰረዝኩ ነኝ።"

"እኔም ከቀትር በኋላ እሰረዝ ይሆናል። ና።"

 ሌማቱን ከእጄ ተቀበለኝ፣ በሩን ዘጋ። እሱ ከፊት፣ እኔ ልጁን አዝዬ ከኋላ፣ ወደ ሐዘን ቤቱ ወረድን።