ለሽመላዋ የተተከሉ አራት ችካሎች

መምህር ሙሐመድኑርን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቀው የለም። ባዮሎጂ ያስተምራል። ዶፍ ዝናብ ጥሎ ባደረ ቁጥር ቦቲውን አጥልቆ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ እኛ ረግረግ ይወርዳል። ወፍ ለማየት! ዝዩን፣ ሽመላውን እየቆጠረ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እኛ ገበሬዎቹ እንስቅበት ነበር። "መምህር፣ ዛሬስ ስንት ሆኑ?" ስንለው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ በዝተዋል" ይላል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሁለት ሽመላዎች ረግረጉ መሀል ጎጆ ሠሩ። እንቁላላቸው አንድ ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ተመላልሰው አንድም ጫጩት አላሳደጉም፤ በየዓመቱ ከብቶቻችን እንቁላሉን ይረግጡባቸዋል። ስለዚህ አንድ ማለዳ መምህሩ አራት ችካል በጎጆው ዙሪያ ተክሎ ቀይ ጨርቅ አሰረበት። ከብት እንዳይገባ ብሎ ነው። ለማንም አልነገረም። የተማረ ሞኝ!

እኛ ዘንድ የወል ግጦሽ ላይ ችካል ከታየ መሬቱ ተለክቷል፣ ለሌላ ሊሰጥ ነው ማለት ነው። ጎረቤቴ ክንፈ ቀዩን ጨርቅ ሲያይ ኡኡታውን አቀለጠው። ሃያ የምንሆን ሰዎች ዱላ ይዘን ወረድን።

መምህሩ ሳሩ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ በመነጽሩ ያያል። ደብተሩን ስናይ ደማችን ፈላ። "ለማን ነው የምትለካው?" አለ ክንፈ። መልሱን ሳይጠብቅ ክንዱን በዱላ አለው፤ ሲሰበር ሰማሁት።

"ወላሂ ለወፍ ነው!" ይላል። ማን ይስማው? አንዱ በእርግጫ፣ አንዱ በጡጫ። እኔ የወረወርኩት ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። አልዋሽም፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ክንፈ ችካሎቹን ሊነቅል ሮጦ ገባ። "እግርህን! እግርህን እይ!" ብሎ መምህሩ ከነደሙ ጮኸ። ወዲያው ሽመላዋ ከሳሩ ተነሳችና በመንቁሯ የክንፈን ጉንጭ ቀደደችው። ደጋግማ ወጋችው። ክንፈ ፊቱን ይዞ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ያኔ ሁላችንም ቆምን። በአራቱ ችካሎች መሀል የነበረው ከሳር የተከመረ የወፍ ጎጆ ብቻ ነበር።

መምህሩን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ከተማ ወጣን። እኔ በራሱ በኩል ነበርኩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዓይኑን ገለጠ።

"እንቁላሉስ?" አለኝ።

ክንፈ ከፊቴ ይሄዳል። ቦቲው ላይ ያለው አስኳል ገና አልደረቀም።

"ደህና ነው" አልኩት።

"አላህ ይስጥህ፣ ወንድሜ" ብሎ መረቀኝ።