እድሩ የማይቀብረው ሰው

የባሌ አጎት፣ መቱ ከተማ ያለው የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። እኔም እላቸዋለሁ፤ ስለማከብራቸው ሳይሆን አስተዳደጌ ሌላ ቃል ስላላስተማረኝ።

የመጀመሪያ ልጄ በሰባተኛ ወሩ ሞቶ ተወለደ። ያኔ ገና አገር ቤት ነበርን። ባሌ እድሩ እንዲደርስልን ሊለምን ሄደ። ጋሼ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ ፈረዱ፤ "ክርስትና ያልተነሳ፣ ስም ያልወጣለት ሬሳ አይባልም። እድራችን የሚቀብረው ሰው ነው።" ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልወጣም። ባሌና አንድ ጎረቤት ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው እናቴ ጓሮ ከቡናው ሥር በዝናብ ቀበሩት። የሰፈሩ ሴቶች አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይሉና "ደም ነው ልጅ አይደለም፣ አይዞሽ" ብለውኝ ይሄዳሉ። የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት ጎረቤታችን እትዬ ብቻ ትልቁን ብረት ድስት ያለፈቃድ አውጥተው፣ ሽሮ ሠርተው፣ ሲመሽ ድረስ አጠገቤ ተቀመጡ።

ፍትሐት ለምን አልተደረገም ብዬ አልጠየቅሁም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ አንገቴን ደፍቼ ተቀብያለሁ። የጋሼ ግን ሥርዓት አልነበረም፤ በዝናብ ድንኳን ለመሸከም መስነፍ ነበር። ስንፍናቸውን መስቀል አስይዘው አቆሙት።

ከዚያ ወዲያ አላረገዝኩም። አገር ለቀን ወጣን፤ ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ ጽንስ ከማህፀን ውጭ በቤተ ሙከራ እንዲሠራልን የሐኪም በር አንኳኳን። ከሁሉ በፊት የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ይኼ ከእኔ እውቀት በላይ ነው። የሚጣል ነገር እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቂ፤ እኔም እጸልያለሁ" አሉኝ። አላውቅም ያለ ሰው በዚህ ጉዳይ ያገኘሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ለሐኪሟም እንደዚያው ነገርኳት፦ ልሸከም ከምችለው በላይ አንድም እንዳይዳቀል። ሳቀች፣ ግን አደረገችው። ሁለት ጽንስ ተገኘ። አንደኛውን በማህፀኔ አስገቡት፤ ሁለተኛው በበረዶ ተቀመጠ። የገባው አልያዘም። ሰባት ቀን ወለል ላይ ተኝቼ ከሰው ተደብቄ አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ የሚነግረኝ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የምንኖርበት አገር ምክር ቤት ጽንስ ሰው ነው አይደለም የሚል ክርክር ከፈተ። በቴሌቪዥን አየኋቸው። ከረባታቸውን አጥብቀው አንዱ ነፍስ ይላል፣ ሌላው ሕዋስ ይላል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ካሜራው ላይ ነው። ክሊኒኩ ደወለና "ሕጉ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ ከወሰናችሁ አሁን ወስኑ" አለን። አንድ ነገር ግን ሕጉ ከድሮም ይላል፦ ባልና ሚስት ሁለቱም ካልተስማሙ ጽንሱ አይነካም።

ልንወስን ቀጠሮ ይዘን ለእረፍት መቱ ገባን። ይኼ ነው ስህተታችን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር።

ጋሼ ከጎረቤት ወረዳ ከሁሩሙ የመጣ ማር በጀሪካን አስይዘው እናቴ ቤት መጡ። እትዬም ነበሩ። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ከተጫነ ቪዲዮ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰባኪ አሳዩን፤ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተውታል።

"ሰማችሁ? ጽንስ ከተቋጠረባት ደቂቃ ጀምሮ ሰው ነው። ሙሉ ሰው! እናንተ ደግሞ ሰውን እንደ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድራላችሁ አሉ። ይኼ ነፍስ መግደል ነው። በእኔ ቤተሰብ አይደረግም!"

ባሌ መሬት መሬት እያየ "እሺ ጋሼ፣ ይቅርብን" አለ።

"ይቅርብን ማለት ምን ማለት ነው?" አልኩት። "እዚያው በረዶ ውስጥ ይቅር?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

ባሌ እግዚአብሔር ያውቃል ካለ አጎቱን ፈርቷል ማለት ነው። የፈጣሪን ስም እንደ ጃንጥላ ከፍቶ ከሥሩ ሲገባ አየሁት፤ ናቅሁት። ያ በበረዶ ያለው ልጅ ከእጄ ሊወጣ መሆኑም ገባኝ። ስለዚህ ወደ አጎትየው ዞርኩ።

"ጋሼ፣ ካልከበድኩዎ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ ልጄ፣ ጠይቂ።"

"ከተቋጠረባት ደቂቃ ጀምሮ ሰው ነው ብለዋል?"

"ብያለሁ! ነገም እላለሁ!"

"እንግዲያው ሰው ሞቶብናል። ክረምት ላይ የገባልኝ አልያዘም። የእድር መዋጯችንን እናቴ አቋርጣ አታውቅም። ነገ ማለዳ ጥሩምባ ይነፋልን፤ ድንኳኑም እዚሁ ግቢ ይተከል። እኔ ጥቁር ለብሼ እቀመጣለሁ።"

እናቴ "ኧረ አንቺ ልጅ!" አለች። እትዬ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ።

"ማል ጄቹዳ! ምን ማለት ነው፣ እስካሁን ሳይነገረን? ድስቱን ላውጣ ጋሼ?"

"ተቀመጪ አንቺ ደግሞ!" ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ትቀልጂብኛለሽ እንዴ?" አሉኝ።

"አልቀለድኩም። እርስዎ ሰው ካሉት እድሩ ይቅበረው።"

"አይ፣ እሱማ… እንዲህ ያለውን እድር አያውቀውም። ይቺ እኮ በዓይን እንኳ የማትታይ ነገር ናት። ለሷ አገር ሙሉ ሰው ከሥራ ይፈታ? ይሳቅብን?"

"ነገር ናት?"

"ያው… ገና ምኑም ያልለየለት…"

"ኤዳ፣ ወይ ጉድ!" አሉ እትዬ። "ልትከሱበት ሲሆን ሰው፣ ልትቀብሩት ሲሆን ነገር! ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?"

የጋሼ ስልክ ውስጥ ሰባኪው አሁንም ይጮሃል፤ ማጥፊያው ጠፋባቸውና እንደጮኸ ሆዳቸው ላይ ካለው የኮታቸው ኪስ ከተቱት። ባርኔጣቸውን አንስተው "ደንቡን አይተን እንነጋገራለን" እያሉ ወጡ፤ በሩን እስኪሻገሩ ሆዳቸው ይሰብክ ነበር።

ባሌ አልሳቀም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በደጁ በኩል የጓሮውን ቡና ያያል። ስለቀበረው ልጅ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ተነሳና "የክሊኒኩን ቁጥር ስጪኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"ስጪኝ አልኩሽ እኮ።"

ሰፈራችን ኔትወርክ የለም። አስፋልቱን ተሻግሮ ከባጃጅ ማቆሚያው በላይ ካለው ከፍታ ላይ ወጣ፤ ይዘንብ ነበርና እኔም ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። ባጃጅ ነጂዎቹ ዘወር ብለው ያዩታል። በሰው አገር ቋንቋ ስሙን ፊደል በፊደል ሲጠራ፣ የተወለደበትን ቀን ሲናገር፣ በመጨረሻም "እስማማለሁ፣ አስገቡላት" ሲል ሰማሁ። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት መስመሩ እየተቆራረጠባት ድገምልኝ፣ ከፍ አድርገህ ድገምልኝ ትለዋለች። ባሌ እየደጋገመ ጮኸ። አንዲት ቃል ለማለት አጎቱ እስኪዋረዱ መጠበቁን ይቅር አላልኩትም ነበርና እኔም አላዘንኩለትም፤ ዝናቡ እንዳይመታው ጃንጥላውን ወደ ራሱ አዘነበልኩና እስኪጨርስ ቆምኩ።